ወረቀት አንባቢዋ

ጠመኔ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቿ ናቸው። ቀጭንና ረጅም ነበረች፤ ከክፍል ስትወጣ ደግሞ እስከ ክርኗ ነጭ አቧራ ለብሳ ነው። ስሙን ወዳጅም ጠላትም ተቀባበለው፤ ባሏ ሳይቀር "ጠመኔ" እያለ ነበር የሚጠራት። በሰማንያ አራት ዓመቷ ስትሞት እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

አባቷ አናጢ ነበር። ከስድስት ልጆቹ እሷን ብቻ ትምህርት ቤት ሲልክ፣ "የዚችስ እጅ መዶሻ አያነሳም፤ እስክሪብቶ ያንሳልን" ብሎ ቀልዶ ነበር። እሷ ቀልዱን የምር አደረገችው። ከመምህራን ማሠልጠኛ በአንደኛነት ወጣችና በሃያ ዓመቷ የጦር ካምፕ አጥር ሥር ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ አንደኛ ክፍል እንድታስተምር ተመደበች። ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን ፊደል ታስቆጥራለች፤ ከሰዓት በኋላ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለመውሰድ የሚፈልጉ ወታደሮችን ታስተምራለች።

ከወታደሮቹ መካከል ጉልበቱ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት በጎን የሚቀመጥ አንድ አሥር አለቃ ነበር። ጽሑፉ እንደ ታተመ መጽሐፍ ያምራል፤ ግን በየመስመሩ ፊደል ይገድፋል። "እጅ ጽሑፍህ የሚኒስትር ነው፣ ስሕተትህ የአንደኛ ክፍል" ትለዋለች። ይስቃል። መጀመሪያ ወደቀ፣ በዓመቱ አለፈ። መኮንኖች ትምህርት ቤት ገብቶ ትከሻው ላይ አንድ ኮከብ ደርቦ ሲመለስ መጀመሪያ ያንኳኳው የሷን በር ነው።

አባቷ ነገሩን አልወደደውም።

"ወታደር ሚስት አያገባም" አላት። "ጓዙን ነው የሚያበዛው።"

"አባዬ፣ እሱ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም።"

"ሰውየውን መች አልኩ? ሥራውን ነው።"

በተጋቡ በአራተኛው ዓመት የአባቷ ቃል ደረሰ። ሐሙስ ዕለት ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠርተው ምክትል ዳይሬክተር መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጧት። ለባሏ ልታሳይ እየበረረች ቤት ብትገባ እሱም ወረቀት ይዞ መሀል ቤት ቆሟል። የዝውውር ትእዛዝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪና በራቸው ላይ ቆመ። የሁለት ዓመቱን ወንድ ልጇን ታቅፋ፣ ሆዷ ውስጥ ደግሞ ሁለተኛዋን ይዛ ጋቢና ገባች። የሹመቱን ደብዳቤ አራት ቦታ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲያ አላወጣችውም።

በደረሱበት አገር የትምህርት ቢሮው ሠራተኛ ማስረጃዋን አገላበጠና፣ "በራስዎ ፈቃድ ስለመጡ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ነው የምንይዝዎት" አላት።

"በራሴ ፈቃድ አይደለም፤ ባሌ ተዛውሮ ነው።"

"እሱ የባልዎ ጉዳይ ነው" አለና ማኅተሙን መታው።

ይህንኑ ነገር በተለያየ ድምፅ አምስት ቦታ ሰማችው። በአምስት ትምህርት ቤት አምስት ጊዜ አዲስ ገቢ ሆነች። ፊደል ያስቆጠረችው ልጅ አድጎ፣ መምህር ሆኖ፣ የሷ አለቃ እስኪሆን ደረሰ። ባሏ ግን በተዛወረ ቁጥር ትከሻው ላይ አንድ ነገር ይጨመርለታል። ሪፖርቱን የምታርምለት እሷ ናት፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ የምትጽፈው እሷ ናት፤ እሱ በዚያ በሚያምር እጁ ይገለብጥና ይፈርማል። ደስ ሲለው፣ "ኮከቡን ተካፍለን መልበስ ነበረብን" ይላታል። ያኔ እሷንም ደስ ይላት ነበር።

አምስተኛው ቦታ ትልቁ ካምፕ ነው። የባለትዳሮች መኖሪያ በብሎክ በብሎክ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ሆኖ፣ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ሁለት ክፍል ይደርሳል። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" የሚለው በዚህ በኩል ያለው ሰው ነው። በወዲያኛው ክፍል ካምፑ በሙሉ ሳቂታ የሚላት ልብስ ሰፊ ትኖር ነበር። የወታደሮቹን ማዕረግ ትከሻ ላይ የምትሰፋው እሷ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አምሳ አለቃ ነው፤ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሳቂታ ስትስቅ የስፌት መኪናዋ ይቆማል፤ መኪናው ከቆመ ሳቂታ እየሳቀች ነው ማለት ነው።

ሁለቱ ሴቶች በሳምንቱ እህትማማች ሆኑ። ሳቂታ ፊደል አልቆጠረችም። የሜትሩን ቁጥር የምትለየው በቀለሙ ስለነበር፣ ጠመኔ ሜትሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከአንድ እስከ መቶ አስተማረቻት። "ፊደሉንም ልጨምርልሽ?" ስትላት፣ "ኧረ ተይኝ እቴ! ቁጥሩ ይበቃኛል። ፊደል ባውቅ ባሌ የሚጽፍልኝን ውሸት ሁሉ ማንበብ ሊኖርብኝ ነው" ብላ ሳቀች። የባሏን ደብዳቤ ሁልጊዜ የምታነብላት ጠመኔ ነበረች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የካምፑ ወንዶች በጭነት መኪና እየተጫኑ ሄዱ፤ የሳቂታም ባል ከነመኪናው ሄደ። የጠመኔ ባል ያኔ ሻምበል ሆኖ የካምፑ አስተዳደር መኮንን ነበርና ቀረ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ገባና ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"አዛዡ አንቺን መረጡ" አላት።

"ለምኑ?"

"ከግንባር ወረቀት ይመጣል... የሞቱት ሰዎች ወረቀት። ለየቤተሰቡ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ሴቶቹ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ወንድ በር ላይ ቆሞ ከሚያስደነግጣቸው ሴት፣ ያውም መምህርት ብትሆን ይሻላል አሉ።"

ደነገጠች። እውነቱን ለመናገር ግን ከድንጋጤዋ ሥር ትንሽ ኩራት ነገር ነበረባት። ከዚያ ከምክትል ዳይሬክተርነት ወዲህ ማንም ለምንም መርጧት አያውቅም። "አዛዡ ራሳቸው?" አለችው። "ራሳቸው" አላት።

የመጀመሪያዋ ሴት ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። መምህርቷን ስታይ ካጎነበሰችበት ቀና አለችና፣ "ቲቸር! ምን አጠፋ ደግሞ ይሄ ቀጣፊ? ዛሬ ቆዳውን ነው የምገፈው!" አለች።

"ልጅሽ ምንም አላጠፋም።"

"ካላጠፋማ ምን አመጣሽ?" አለችና እየሳቀች ሳለ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ጠመኔ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ቡናማ ፖስታ አየች። እጇ ላይ ያለው አረፋ እየጠፋ፣ እየጠፋ፣ ውሃ ብቻ እስኪሆን ድረስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ሴትዮዋ፣ "አንብቢው እንግዲህ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለቻት።

አነበበችው። "በግዳጅ ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው ያለፈ መሆኑን በከፍተኛ ኀዘን እንገልጻለን።" ሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር፤ የሚለያየው ስሙና ማዕረጉ ብቻ ነው። በወሩ ሳታይ በቃሏ ትለው ጀመር፤ ግን ሴቶቹ ወረቀቱን ካላዩ ስለማያምኑ ሁልጊዜ ታወጣዋለች።

የአሠራሩ ክፋት ደግሞ ሌላ ነው። ከግንባር የሚመጣው ሞተረኛ ወረቀቱን ካምፑ ቢሮ የሚያደርሰው ጠዋት ነው። የቢሮው ጸሐፊ የሆነ አንድ አሥር አለቃ የሟቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ትምህርት ቤት ድረስ ይልክላታል፤ እሷ ግን የምትሄደው ከሥራ ስትወጣ ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት የደረሳት ቁራጭ ወረቀት ላይ ያለው ስም የአንዲት ተማሪዋ አባት ስም ነበር። ልጅቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት የምትቀመጠው፤ ማንበብ በጣም የሚያስቸግራት ልጅ ናት። ያን ዕለት፣ እንደ ክፉ ዕድል፣ አንድ ሙሉ መስመር ሳትሳሳት አነበበች። ጨርሳ ቀና ብላ የመምህርቷን ፊት አየች።

"ጎበዝ!" አለቻት ጠመኔ። ክፍሉም አጨበጨበላት።

ያ "ጎበዝ" ዕድሜ ልኳን ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ቀረ። "ሌላ ምን እላት ነበር?" ትላለች፤ ራሷን ነው የምትጠይቀው።

ቀስ በቀስ ሴቶቹ ይፈሯት ጀመር። በብሎኮቹ መሀል ስታልፍ በር እየተንኳኳ ሳይሆን እየተዘጋ ነው የሚሰማት። አንዷ፣ "በኔ በር አትለፊ፤ ዙሪያውን ሂጂ!" ብላ ጮኸችባት። ሱቅ ስትገባ ወሬው ጭጭ ይላል፤ እሷም ከበሩ ጀምራ፣ "ሽንኩርት ልገዛ ነው! ሽንኩርት!" ማለት ልማድ ሆነባት። በመጨረሻ መላ ዘየደች። ከሩቅ የሚታይ ቀይ የፕላስቲክ ቅርጫት ገዛችና ለራሷ ጉዳይ ስትወጣ እሱን አንጠልጥላ ትወጣለች። ካምፑ ሁሉ አወቀው፦ ጠመኔ ቅርጫት ይዛ ከሆነ ሰላም ነው፤ ቦርሳ ይዛ ከሆነ የአንድ ሰው ቤት ሊፈርስ ነው። ሳቂታ ብቻ ነበረች በዚህም የምትቀልድ። "እኔ ዘንድ በቅርጫት ብቻ ነው የምትመጪው፣ እሺ? በቦርሳ ከመጣሽ በር አልከፍትልሽም" ትላታለች፤ የስፌት መኪናዋም ይቆማል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጦርነቱ ሰባት ዓመት ሞላው። በሰባተኛው ዓመት የሳቂታ ልጅ የመልቀቂያ ፈተናዋን የምትወስድበት ቀን ደረሰ። ሰኞና ማክሰኞ ነበር ፈተናው። ልጅቷን ሒሳብ ያስጠናቻት ጠመኔ ናት፤ ብሩህ ልጅ ነበረች። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ የመጀመሪያውን ወረቀት እየሠራች ሳለ፣ ከጸሐፊው የመጣው ቁራጭ ላይ የሾፌሩ አምሳ አለቃ ስም ተጽፎ ነበር።

ያን ዕለት ምን እንዳስተማረች አታውቅም። ከሥራ ወጥታ ፖስታውን ከቢሮ ተቀበለችና ሳቂታ ዘንድ ሳትገባ በቀጥታ ቤቷ ገባች። ባሏን ጠበቀችው።

"ልጅቷ ነገም ፈተና አላት" አለችው። "ዛሬ ብነግራቸው ነገ አትቀመጥም። ነገ ብነግራቸው ደግሞ... ምን ላድርግ?"

ባሏ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ነበር። ቀና አላለም። "አንቺ ታውቂያለሽ" አላት።

አመሻሽ ላይ ሳቂታ ራሷ መጣች። የስፌት መርፌ ደረቷ ላይ እንደሰካች ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጇ ፈተናው ቀሎኛል እንዳለቻት፣ ባሏ በመጨረሻው ደብዳቤ ለልጁ ጫማ እልካለሁ ማለቱን፣ ቁጥሯን ግን እንደማያውቀው ተናገረች። "የራሱን እግር ለክቶ ነው የሚገዛላት! ልጄ መርከብ ተጫምታ ልትዞር ነው!" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጠመኔም ሳቀች። ከልቧ እንዳልነበረ ማን ያምናታል? ሳቀች።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ከመፈተኛው ክፍል እንደወጣች፣ ጠመኔ ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። ሳቂታ በመስኮት አይታት ነበርና በሩን አልከፈተችም። ከውስጥ፣ "ተመለሺና ቅርጫትሽን ይዘሽ ነይ" አለች። ድምጿ ቀልድ አልነበረበትም። በመጨረሻ ከፈተች። ወረቀቱ ሲነበብላት አልጮኸችም። ተቀበለችውና እንደሚያነብ ሰው አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ጣቷን ከላይ ማኅተሙ ላይ አደረገች። ቁጥር ታውቃለች።

"ይሄ የደረሰበት ቀን ነው አይደል?"

ጠመኔ ዓይኗን ከማኅተሙ ላይ አሸሸች።

"ዛሬ አይደለም ይሄ። የትናንት ነው። ትናንት ጠዋት ታውቂ ነበር?"

"ለልጅቷ ብዬ ነው። ፈተናዋን..."

"ትናንት አንቺ ቤት ስስቅ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ሳቂታ ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። "ሁለት ቀን ሙሉ በባሌ ሬሳ ላይ አሳቅሽኝ" አለቻት። "እንደ እብድ። አንቺም አብረሽኝ ሳቅሽ። ውጪ ከቤቴ።"

ባል የሞተባት ሴት በአንድ ወር ውስጥ የካምፑን ቤት መልቀቅ ነበረባት። በዚያ ወር ጠመኔ ሦስት ጊዜ አንኳኳች፤ ሦስቱንም ጊዜ የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ መለሰላት። በሠላሳኛው ቀን ሳቂታ መኪናዋን በጋሪ አስጭና ልጇን አስከትላ ወጣች። የፈተናው ውጤት ሲመጣ ልጅቷ ከአውራጃው አንደኛ ሆና ነበር። ጠመኔ ውጤቱን ያነበበችው እንደማንኛውም ሰው ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው።

ወረቀት ማንበቡ ሌላ አራት ዓመት ቀጠለ። በድምሩ አሥራ አንድ። መጀመሪያ ላይ ትቆጥራቸው ነበር፤ አርባ ሲሞሉ መቁጠሩን ተወችው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ባሏ ሻለቃ፣ ኋላም ኮሎኔል ሆነ። ከተማ ውስጥ ሦስት ክፍል ያለው ቤት ሠሩ። ወንዱ ልጃቸው እንደ አባቱ መኮንን ሆነ፣ ሴቷ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ። ጠመኔ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምራ ጡረታ ወጣች፤ በገባችበት ማዕረግ፣ የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆና። ይሄ ቢያንገበግባትም አላለቀሰችበትም። "ሹመት ቀረብኝ እንጂ አደራ አልበላሁም" ትል ነበር። አዛዡ ከዚያ ሁሉ ሴት መርጠው ከባዱን ሥራ የሰጧት እሷን ነው። ከሳቂታ ጋር ያለያያትም ሥራው ነው፣ ሥራውን ደግሞ አደራ ብላ ነው የያዘችው። በዚህ ተጽናንታ ኖረች።

ስድሳ አራት ዓመት ሲሆናት አንድ እሑድ ጠዋት የካምፑ ቢሮ የድሮው ጸሐፊ፣ ያ ቁራጭ ወረቀት ይልክላት የነበረው አሥር አለቃ፣ ሊጠይቃቸው መጣ። ጥርሶቹ ረግፈዋል፤ ወሬው ግን አልረገፈም። ሻይ እየጠጡ የካምፑን ነገር አነሱ፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳለ። ሰውየው በመሀል ብርጭቆውን አስቀምጦ ሳቅ አለ።

"ጌታዬ፣ ያ መመሪያ የመጣ ቀን ትዝ ይልዎታል? 'የአስተዳደር መኮንኑ በአካል ሄዶ ለቤተሰብ ያሳውቃል' የሚለው? ላብ በላብ ሆነው ነበር እኮ! በኋላማ አዛዡ ዘንድ ገብተው፣ 'ባለቤቴ አንጀተ ጠንካራ ናት፣ እሷ ትሥራው' ብለው አሳመኗቸው። አዛዡማ እንቢ ብለው ነበር፤ እርስዎ ሦስት ጊዜ ነው የገቡት። ደብዳቤውን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ።"

ጠመኔ ሻይ ልትጨምርለት ያነሳችውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቀረች። "ማን ነው ያሳመነው?" አለች።

ጸሐፊው አንዴ እሷን አንዴ ባሏን አየ። "እሳቸው ናቸዋ... የሚያውቁ መስሎኝ..."

ባሏ ብርጭቆው ውስጥ የወደቀ ነገር እንዳለ ሁሉ አቀርቅሮ ነበር።

እንግዳው እንደወጣ በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"አዛዡ መረጡሽ ብለኸኝ ነበር።"

"ፈቅደዋል እኮ፤ ያው ነው።"

"ያንተ ሥራ ነበር።"

"እኔ አልችልም ነበር ጠመኔ። አንድ ቀን ሞክሬ ነበር፤ በሩ ላይ ደርሼ ነው የተመለስኩት። እግሬ እንቢ አለኝ። አንቺ ግን ቻልሽ።"

"መቻሌን በምን አወቅህ? ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

"የሳቂታ ባል ወረቀት የመጣ ቀን ጠየቅኩህ። ወረቀቱም ያንተ፣ ውሳኔውም ያንተ ነበር። 'አንቺ ታውቂያለሽ' አልከኝ። ጫማህን እያወለቅህ።"

"ስለምታውቂ ነዋ..."

"አንተ ፈሪ ነህ" አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ቁርስ አቀረበችና ወደ መኝታ ቤቱ ብቅ ብላ፣ "ቁርስዎ ቀርቧል" አለችው። ባሏ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ "እጅዎን ይታጠቡ" ስትለው አልሳቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም። አልሰደበችውም፣ አላኮረፈችውም፣ ምግቡን አላጓደለችበትም። እርስዎ ብቻ አለችው። ለአርባ ዓመት አብሯት የተኛውን ሰውዬ እንደ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አናገረችው።

እንግዶች ሲመጡ ይገረማሉ። "ባልና ሚስት እንዲህ ሲከባበሩ አይተን አናውቅም!" ይላሉ። ባሏ ይሄን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ ተሸሽጎ ያለቀሰበትም ቀን ነበር። ወንዱ ልጇ አልገባውም፣ ሊገባውም አልፈለገም። ሴቷ ልጇ ግን እናቷን ወጥ ቤት ውስጥ ይዛ፣ "እማዬ፣ እንዲህ ከምትሆኑ ለምን አትለያዩም?" ብላ ጠየቀቻት።

"በስድሳ አራት ዓመቴ ወዴት ልሂድ? ደግሞስ ማን ያጥብላቸዋል?"

"እንግዲያው ይቅር በይዋ።"

"እሱን አልችልም" አለች ጠመኔ። "እናትሽ አንጀተ ጠንካራ ናት፤ አልሰማሽም?"

በአራተኛው ዓመት ባሏን ግማሽ ጎኑን ሽባ አደረገው። አምስት ዓመት አልጋ ላይ አስታመመችው፤ አገላበጠችው፣ አጠበችው፣ በማንኪያ አጎረሰችው። "አፍዎን ይክፈቱ።" "ይዙሩልኝ።" "ጨርሰዋል?" ምላሱ ተሳስሮ ስለነበር የሚናገረውን የምትለየው እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን እጇን ይዞ ብዙ ታገለና፣ "አንተ... በይኝ... አንዴ" አላት። ሰምታዋለች። ትራሱን አስተካከለችለትና፣ "ይረፉ" አለችው።

በዚያው ሳምንት ሞተ። ልትለው አስባ ነበር ወይስ አላሰበችም፣ ለማንም አልተናገረችም። ሴት ልጇ ግን ከቀብር መልስ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አይታታለች።

ሰማንያ ዓመት ሲሞላት አንዲት ሽበታም ሴት በር አንኳኳች። ቀያሽ መሐንዲስ ነኝ አለች። ዓይኗ ስለደከመ ጠመኔ አልለየቻትም፤ "የሳቂታ ልጅ ነኝ" ስትላት ግን ከወንበሯ ልትነሳ ሞክራ አልቻለችም።

"ቲቸር፣ እናቴ ባለፈው ዓመት አረፈች" አለች እንግዳይቱ። "በሕይወት እያለች እርስዎ ዘንድ እንዳልመጣ ቃል አስገብታኝ ነበር።"

ጠመኔ ራሷን ነቀነቀች። "ፈተናውን አለፍሽ አይደል?" አለች። ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

"አለፍኩ።" ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ቃሏን እየመረጠች ነበር የምትናገረው። "ለኔ ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ። ብዙ ዘመን አስቤበታለሁ። ቢነግሩን ኖሮ እወድቅ ነበር፤ በዓመቱም እንደገና እፈተን ነበር። ፈተና ይደገማል፣ ቲቸር። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ሴት ጓደኛ አልያዘችም።"

"ልክ ነሽ" አለች ጠመኔ።

"ልወቅስዎት አይደለም የመጣሁት።"

"ውቀሺኝ። ልክ ነሽ አልኩ እኮ።" ቀጥላም፣ "ኋላ ትስቅ ነበር?" ብላ ጠየቀች።

"ማን?"

"እናትሽ።"

ሴትዮዋ አሰበች። "ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላስታውስም" አለች። "ሳቂታ ይሏት እንደነበር ራሱ ረስቼው ነበር፤ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አንድ የድሮ ካምፕ ሰው በዚያ ስም አነሳት። ስለ ሌላ ሴት የሚያወራልኝ ነበር የመሰለኝ።"

እንግዳይቱ ስትሄድ ጠመኔ እስከ በሩ አልሸኘቻትም። ሴት ልጇ ከሥራ ስትመለስ እዚያው ወንበር ላይ አገኘቻት። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ኖረች፤ አነጋገሯ አጠረ፣ ምግቧ ቀነሰ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ አሳሰበች። የመኮንኖች መቃብር ውስጥ ለኮሎኔሉና ለባለቤቱ ተብሎ የተሰጠ የሁለት ሰው ቦታ ነበር። ሁለቱንም ልጆቿን አስቀምጣ፣ "እዚያ እንዳታስገቡኝ" አለቻቸው። "የትም ቅበሩኝ። መንገድ ዳርም ቢሆን ግድ የለኝም። ከእሳቸው ጎን ብቻ አይሁን።" ሴት ልጇ እሺ አለች። ወንዱም አንገቱን ነቀነቀ።

የሞተች ዕለት ወንድ ልጇ በሙሉ የደንብ ልብስ መጣ። "ቦታው ተዘጋጅቶ እያለ ሌላ ፍለጋ ምንድን ነው?" አለ። እህቱ እናታቸው ያለችውን አስታወሰችው።

"ያረጀ ሰው የሚናገረውን ያውቃል? ሰው ምን ይለናል? ኮሎኔሉን ሚስቱ ከዳችው ይባል?"

ሙሉ ጠዋት ተከራከሩ። እህትየው ብቻዋን ነበረች፤ ዘመድ ሁሉ ከወንድሟ ጋር ቆመ። ቀትር ላይ ድምጿ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ጠመኔን ከባሏ ጎን አስተኟት። ድንጋዩ ላይ ከስሟ ሥር "የኮሎኔሉ ባለቤት" ተብሎ ተቀረጸ። ሴት ልጇ "መምህርት" የሚለው ይጨመር ብላ ነበር፤ ቀራጩ መስመሩ ሞልቷል አላት።

"አንድ ነገር ነው የለመነችን" ትላለች ልጅቷ ዛሬም፣ ስለ እናቷ የጠየቃት ሰው ሲኖር። "በሰማንያ አራት ዓመት አንድ ነገር። እሺ ብያት ነበር።"